በክረምት የሚከፈት ወደብ

ስለ መርከብና ስለ መርከበኛ ሲወራ የኢትዮጵያዊ ልብ ወዴት እንደሚነጉድ አውቃለሁ። ወደ ምጽዋ ይሄዳል፣ ወደ አሰብ ይሄዳል፤ ታሪክ ያነበበ ከሆነ ደግሞ አዱሊስ ድረስ ይዘልቃል። ዛሬ ግን ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አዙሩልኝ። ጎሬን አልፈን፣ ቡሬን አልፈን (የጎጃሙን አይደለም፣ የኢሉባቦሩን ቡሬ ነው የምላችሁ) ከደጋው ጫፍ ቁልቁል እንውረድ። ጭጋጉና ብርዱ ከኋላ ይቀራል። ሙቀቱ ይቀበለናል። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስንደርስ አንድ ሰፊ ወንዝ ከቋጥኝ ተላቆ ሜዳ ላይ ሲንጣለል እናየዋለን። ባሮ ነው። አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ዳር ላይ ያለችው ከተማ ጋምቤላ ናት። ጋምቤላ የወደብ ከተማ ነበረች።

አዎ፣ ወደብ። መርከብ የሚያፏጭባት፣ ጭነት የሚራገፍባት፣ የጉምሩክ ሹም ደብተሩን ይዞ የሚቆምባት ወደብ።

መንገዱን ልንገራችሁ። ብርብርና ገባ የሚባሉት ወንዞች ደጋው ውስጥ ይገናኙና ባሮ ይሆናሉ። ባሮ ከገደሉ እንደወረደ ረጋ ይላል፤ ጋምቤላን ያልፋል፣ ኢታንግን ያልፋል፣ ከዚያ ከፒቦር ጋር ይገጥምና ሶባት ተብሎ ይቀጥላል። ሶባት ከማላካል ትንሽ ወደ ደቡብ ላይ ነጭ አባይ ውስጥ ይገባል። ነጭ አባይ ደግሞ ካርቱም ያደርሳል። ከጋምቤላ ካርቱም ድረስ በውሃ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባይ ገደል ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ተከዜም እንዲሁ፤ ኦሞም ላይኛው ክፍሉ እንዲያ ነው። ትልቅ የጭነት መርከብ ከውጭ አገር ተነስቶ ድንበር ተሻግሮ ይገባበት የነበረው ወንዛችን ባሮ ብቻ ነው። እስቲ አሁን መርከብ ከመምጣቱ በፊት ባሮ ላይ ምን እንደሆነ ስሙኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት ደብዳቤ ጻፉ። የአገሬ ወሰን በምዕራብ በኩል ነጭ አባይ ድረስ ነው አሉ። ያን ጊዜ ካርቱም በደርቡሾች እጅ ነበረች። እንግሊዝ ከግብፅ ወደ ደቡብ ልትወርድ ታስባለች። ፈረንሳይ ደግሞ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስከ ቀይ ባሕር ባንዲራዋን ልትዘረጋ ትመኛለች። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ነጭ አባይ ላይ፣ ከሶባት አፍ ብዙም ሳይርቅ፣ ፋሾዳ በምትባል ስፍራ ነው። በመጋቢት 1889 ዓ.ም. ምኒልክና የፈረንሳዩ መልእክተኛ ላጋርድ ተዋዋሉ፦ የነጭ አባይ ቀኝ ዳር የኢትዮጵያ፣ ግራ ዳሩ የፈረንሳይ እንዲሆን። ምኒልክ ብልህ ናቸውና በጎን ለደርቡሹ ኸሊፋም የወዳጅነት ቃል ይልኩ ነበር፤ ሁሉንም በር ትንሽ ትንሽ ከፍተው ይዘዋል።

ውል ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ወንዙ ዳር ማን ይድረስ? መጀመሪያ የወጣው ማርኪ ደ ቦንሻን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎሬ፣ ከጎሬ ቆላ ወረደ። ባሮን ተከትሎ ረግረጉን እየዳከረ፣ እየተራበ፣ በወባ እየተመታ ሄደ። በታኅሣሥ 1890 ዓ.ም. ባሮና ፒቦር ከሚገናኙበት አካባቢ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሶባትን ተከትሎ ነጭ አባይ መውረድ ነበር። እንዳይቀጥል ያደረገው ግን ጠላት አልነበረም፤ ጀልባ አልነበረውም። ወንዝ ይዞ ወንዝ ለመድረስ ጀልባ ሳይይዝ የሄደ ሰው ምን ያደርጋል? ተመለሰ። ያ ሁሉ ድካም በጀልባ እጦት ቀረ።

ሁለተኛው ጉዞ የኛው ነው። ደጃዝማች ተሰማ ናደው የኢሉባቦር ገዥ ነበሩ፤ በኋላ ራስ ቢትወደድ ተብለው የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆኑት ማለት ነው። ንጉሡ አዘዟቸውና ጦራቸውን አስከትለው ቆላ ወረዱ። ከእሳቸው ጋር ከቦንሻን ጓዶች ሁለቱ፣ ፌቭርና ፖተር ነበሩ፤ አንድ ሩሲያዊ ኮሎኔልም ነበረ፣ ሊዮኒድ አርታሞኖቭ። ኮሎኔሉ ሁለት ኮሳኮች ይዟል፤ አርኪፖቭና ሽቼድሮቭ ይባላሉ። የደጋ ሠራዊት ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ንዳዱ ሰውን ረፈረፈው። ተሰማ አብዛኛውን ጦር ወደ ኋላ አስቀርተው ጠንካራውን ክፍል ወደ ፊት ላኩ። ሰኔ 16 ቀን 1890 ዓ.ም. እነዚያ ሰዎች ሶባት ነጭ አባይ ውስጥ ከሚገባበት ደረሱ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይኼ ነው።

የኢትዮጵያ ባንዲራ በቀኙ ዳር ተተከለ። የፈረንሳይ ባንዲራ ወዲያ ማዶ መሻገር አለበት፤ ቢያንስ ወንዙ መካከል ባለው ደሴት ላይ መቆም አለበት። አሁንም ጀልባ የለም። ሁለቱ የቦንሻን ጓዶች በሽታ ደቁሷቸው ለመዋኘት አቅም የላቸውም። ውሃው ሰፊ ነው፣ አዞ አለበት። ያን ጊዜ አንድ ሰው እኔ አሻግረዋለሁ አለ። ያምቦ ነበር፤ በዚያ ዘመን ጽሑፎች አኙዋክን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ባንዲራውን ይዞ ውሃው ውስጥ ገባ። አርታሞኖቭ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ባንዲራውን ለመትከል የደፈረ ጥቁር ሰው ብቻ ነበር ተብሎ እንዲወራ አልፈልግም ብሎ እንደነበር ተጽፏል። ዘሎ ገባ። ሁለቱ ኮሳኮችም ኮሎኔላቸውን ብቻውን አንተወውም ብለው ተከተሉት። አራቱም ደሴቱ ደረሱ፤ ባንዲራው ተተከለ፤ በሕይወትም ተመለሱ።

የአርታሞኖቭን ስም ዛሬ ታገኙታላችሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ታነንበርግ በተባለው ውጊያ የሩሲያን አንድ ኮር ያዘዘ ጄኔራል ሆኗል። የኮሳኮቹም ስም እንደሰማችሁት ተመዝግቧል፤ ተራ ወታደሮች ሆነው እንኳ። ከሁሉ ቀድሞ ውሃው ውስጥ የገባው አኙዋክ ግን ስም አልተጻፈለትም። ከአራቱ ወንዝ የሚያውቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።   እኔ ስለ ባሮ ጉዞ ባወራሁ ቁጥር መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው፤ ወደፊትም እንዲሁ አደርጋለሁ።

ጦሩ እዚያ መክረም አልቻለም። ክረምቱ መግባቱ ነው፣ ሜዳው ውሃ ሊሆን ነው፣ በሽታው በርትቷል። ተመለሱ። አሁን አስቡት፦ እነሱ ከደረሱበት ዕለት ጀምሮ ሃያ ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 4 ቀን፣ ፈረንሳዊው ካፒቴን ማርሻን ከምዕራብ በኩል ፋሾዳ ገባ። ሲጠብቁት የነበሩት ሰዎች ሄደዋል። እሱ ደግሞ ከኢትዮጵያ በኩል የሚመጣ ወዳጅ አገኛለሁ ብሎ ነበር የመጣው።

የማርሻን ጉዞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ከኮንጎ ጠረፍ ተነስቶ አፍሪካን ሊሰነጥቅ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተጉዟል፤ አብረውት ጥቂት ፈረንሳዮችና መቶ ሃምሳ ያህል የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ። ፌዴርብ የምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከብም ነበረችው። ከኮንጎ ተፋሰስ ወደ ናይል ተፋሰስ የሚያሻግር ውሃ የለምና መርከቧን ፈታቷት። ቁራጮቿን ሰው ተሸከመ። ቦይለሯን ግን ሊሸከሙት ስላልቻሉ ጫካ መንጥረው በግንድ ላይ እያንከባለሉ ወሰዱት። የናይል ገባር ሲደርሱ መልሰው ገጣጠሟት። ውሃ እስኪሞላ ወራት ጠበቁ። ያቺ መርከብ ነሐሴ ውስጥ ፋሾዳ ደረሰች።

መስከረም 10 ቀን 1891 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ኦምዱርማን ላይ ደርቡሾችን ድል አድርጎ በጦር ጀልባዎቹ ፋሾዳ መጣ። የሁለቱን መኮንኖች ንግግር፣ የፓሪስና የለንደንን ቁጣ ሌላ ቀን እተርክላችኋለሁ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለጦርነት አንድ ክንድ ቀርቷቸው ነበር ብላችሁ ያዙልኝ። ፈረንሳይ ለቀቀች። ማርሻን በካይሮ በኩል ቢወርድ ቀላሉ መንገድ ነበር። እሱ ግን እንግሊዞች በያዙት ወንዝ አንገቱን ደፍቶ መውረድን ጠላው። በኢትዮጵያ በኩል እወጣለሁ አለ። ታኅሣሥ 3 ቀን ፌዴርብ ሌሎቹን ጀልባዎች እየጎተተች ፊቷን ወደ ሶባት አዞረች።

ታኅሣሥ ለባሮ ክፉ ወር ነው፤ ውሃው ይጎድላል፣ አሸዋው ብቅ ብቅ ይላል። መርከቧ ግን ሶባትን አልፋ ባሮ ላይ ወጣች። ከኮንጎ ተፋሰስ ተነስታ፣ በሰው ትከሻ የብስ ተሻግራ፣ የኛ ወንዝ ላይ ደረሰች። ደጋው ከፊት ለፊት ተገትሮ መንገዱ ሲያበቃ ባሮ ላይ ትተዋት በእግር ወጡ። ቡሬና ጎሬ ላይ የተሰማ ሰዎች ተቀበሏቸው። አዲስ አበባ ምኒልክ አስተናገዷቸው። በግንቦት 1891 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ጨው ውሃ አዩ። ማርሻን ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ አፍሪካን አቋረጠ ተባለለት። እንግዲህ ያ መሥመር በሙሉ ያለ ባሮ አይገጥምም ነበር።

አሁን ወደ ወደቡ እንግባ።

የ1894 ዓ.ም. ውል ሲባል ብዙ ሰው ጆሮውን ያቆማል። ግንቦት 7 ቀን ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን የፈረሙት ነው። ሦስተኛው አንቀጽ አባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚገድብ ሥራ ስለ መሥራት የሚናገረው ስለሆነ፣ በሕዳሴ ግድብ ክርክር ዘመን ሁሉም ሲጠቅሰው ሰምታችኋል። ቀጥሎ ያለውን አራተኛውን አንቀጽ ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ምኒልክ በኢታንግ አካባቢ ባሮ ዳር ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ፈቀዱ። ወንዙን የሚነካው ጎኑ ከ2000 ሜትር አይበልጥም፤ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር አያልፍም። በኛ ልኬት አሥር ጋሻ መሬት ነው። ለጦርና ለፖለቲካ ጉዳይ እንዳይውል ተጻፈ። ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ብቻ እንደሚጸናም ተጻፈ። ይህን የመጨረሻውን ቃል ያስገባ ሰው አርቆ አይቷል።

ቦታው ሲመረጥ ኢታንግ ሳይሆን ከዚያ በላይ፣ ለደጋው የቀረበችው ጋምቤላ ሆነች። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ተጀመረ። ለምን እንደተፈለገች አስቡ። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የኢሉባቦርና የምዕራብ ወለጋ ቡና ወደ ምሥራቅ ልሂድ ቢል ሳምንታት በበቅሎ ዳገት ቁልቁለት ነው፣ በየኬላው ቀረጥ ነው። ወደ ምዕራብ ግን ደጋውን ወርዶ መርከብ ላይ መውጣት ይችላል። ቡናው ከጎሬና ከሳዮ ይመጣል፤ ሰም፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስም ይመጣል። ከካርቱም በኩል ደግሞ ጨውና አቡጀዲ ይገባል። ቆላው የገንዲ ዝንብ ስላለበት በቅሎ አይበረክትም፤ ስለዚህ የቁልቁለቱን ጭነት ብዙውን የሚሸከመው ሰው ነበር። ግሪኮችና ሶሪያውያን ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ማሪያ ቴሬዛ ብር እየተቆጠረ ነው ሁሉም የሚካሄደው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከ1896 እስከ 1927 ዓ.ም. የነበረውን የጋምቤላ ንግድ በጥናት ጽፈውታል፤ የንግዱን ልብ ማወቅ የሚፈልግ እዚያ ይሂድ። እኔ የምነግራችሁ ስለ ውሃው ነው።

የጋምቤላን ወደብ የሚከፍተው ዝናብ ነበር። ደጋው ላይ ክረምት ሲገባ ባሮ ይነሳል። ከሰኔ ጀምሮ የሱዳን መንግሥት መርከቦች ከካርቱም ሽቅብ ይመጣሉ። ከኋላቸው የሚሽከረከር መቅዘፊያ ያላቸው፣ እንጨት እያነደዱ የሚሄዱ፣ ሞተር የሌላቸውን የጭነት ጀልባዎች ከጎናቸው አስረው የሚያዘግሙ ናቸው። እስከ ጥቅምት ድረስ ይመላለሳሉ። ከዚያ በኋላ ውሃው ይወርዳል፤ በጋ ሲጠና ሰው በእግሩ የሚሻገርበት ቦታ አይጠፋም። እንግዲህ ዘግይቶ የመጣ መርከብ መሪ ልቡ እንዴት ይመታ እንደነበር አስቡት። አንድ ቀን ዝናብ ቢቀር፣ አንድ ጫና ተጨማሪ ልጫን ብሎ ቢዘገይ፣ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። አሸዋ ላይ የተቀመጠን መርከብ የሚያነሳው የሚመጣው ክረምት ነው። ስለዚህ የጎሬ ነጋዴ በበጋ ቡናውን አውርዶ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጥና ሰማይ ሰማይ ያያል። ደጋው ሰው ክረምት ሲገባ ጉዞ ያቆማል፤ ወንዙ ይሞላበታል፣ ጭቃው ይይዘዋል። ጋምቤላ ግን ከዓለም ጋር የምትገናኘው በዚያው በክረምት ነበር።

የጣሊያንን ጦርነት ባጭሩ ልለፈው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ጋምቤላን ይዞ ሳለ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ተዋግተው አስለቀቁት። እነዚያ የኮንጎ ልጆች ከአገራቸው በመኪናና በናይል መርከብ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ነው። ከጋምቤላ ሽቅብ ወደ ሳዮ፣ ዛሬ ደምቢዶሎ ወደምንላት፣ ወጡ፤ ሰኔ 26 ቀን የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ። ስማቸውን ከኛ አርበኞች ስም ጎን የሚያነሳ ብዙ ሰው አልሰማሁም፤ ሊነሳ ይገባል።

ከጦርነቱ በኋላ ወደቡ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የመኪና መንገድ ተከፍቶ ቡናውን ወደ አዲስ አበባ ሳበው። ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ወጣች። የውሉ የመጨረሻ ቃል ተፈጸመና በ1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። መሬቱ ተመለሰ፤ የመርከቡ ዘመን ግን እየደከመ ሄደ። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ ቆመ ሲባል በ1975 ዓ.ም. እንደገና ተነሳ። ወንዙ የሚያልፈው በጦርነቱ መካከል ነውና ማን ጭነት ጭኖ ይሂድበት?

ዛሬ ባሕር ዳር ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር፣ ልጆቻችን የመርከብ ምሕንድስና ይማራሉ፤ ተመርቀው በውጭ አገር መርከቦች ላይ ውቅያኖስ ያቋርጣሉ። ደስ ይለኛል። ስለ መርከብ ታሪክ ሲነገራቸው ማጄላንና ቫስኮ ዳ ጋማ ይነገራቸዋል፤ መልካም ነው። ከዚያ ትምህርት ውስጥ አንዱ ምሽት ለባሮ ቢሰጥ እመኛለሁ። ፌዴርብ ትነገራቸው። የቦንሻን ጀልባ እጦት ይነገራቸው፤ ለጉዞ መዘጋጀት ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት የለም። ያ አኙዋክ ዋናተኛም ይነገራቸው። ተናጋሪውም ከጋምቤላ ይምጣ፤ ወንዙ ላይ ያደገ አኙዋክ ወይም ኑዌር ይሁን። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ታንኳ እንዴት ሚዛኑን እንደሚጠብቅ፣ ቀዛፊው ቆሞ ረጅሙን እንጨት እንዴት እንደሚገፋ፣ ጉማሬ የሚወጣበትን ስፍራ ከውሃው ገጽ እንዴት እንደሚለይ እሱ ያሳያቸው። ያ እውቀት መርከቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ነበረ፤ መርከቦቹ ሄደውም አለ።

ሥራ ፈትቶ አይደለም ያለው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ እንደገና ጦርነት ሲፈነዳ ሰው ወደ ድንበራችን ጎረፈ። በፓጋክ መጡ፣ በአኮቦ መጡ፣ ባሮ ዳር ባለችው በቡርቤይ መጡ። እናቶች ልጆቻቸውን፣ ልጆች ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ወንዝ ዳር ሲደርሱ የሚያሻግራቸው የእንፋሎት መርከብ አልነበረም። በታንኳና በጀልባ ነው የተሻገሩት፤ ቀዛፊዎቹም የወንዙ ዳር ሰዎች ነበሩ።